ሆዴ ላይ ታስሮ መካነ ሰላም የደረሰው ስሌት

ከቤት ስወጣ ሆዴ ላይ ሰባ ሁለት ገጽ አስሬ ነበር። በላስቲክ ጠቅልዬ፣ በባለቤቴ አሮጌ ነጠላ ጠምጥሜ፣ በላዩ ሸሚዝ፣ በሸሚዙ ላይ ሹራብ፣ በሹራቡ ላይ ኮት ደረብኩ። አዳማ ላይ እንዲህ ለብሶ የሚሄድ ሰው፣ ወሩ ጥቅምት ቢሆንም፣ ወይ ታሟል ወይ ሰርቋል። እኔ አልታመምኩም፣ አልሰረቅኩም። ተጠራጥሬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን የራሴ የምለው አንድ ደብተር ብቻ ነው ያለኝ። ሁለት ዜሮ ያልሆኑ ቁጥሮች ተባዝተው ዜሮ እንደማይሰጡ ሁላችንም እናውቃለን፤ ማካፈል የሚቻለውም በዚሁ ነው። ከተራው ቁጥር ውጭ ይህ ደንብ የሚሠራባቸው ሌሎች የቁጥር ቤቶች አሉ። ባለ አራት ክፍል የምለው ቤት አለ፤ እያንዳንዱ አባል ከአራት ተራ ክፍልፋይ ቁጥሮች የተሠራ ነው። የእኔ ሥራ ካለው ቤት አዲስ ቤት ማውጣት ነበር። ሁለት ባለ አራት ክፍል ቤቶችን ጎን ለጎን አቆምና በማባዣው ደንብ ውስጥ አንድ እንግዳ አባል አስገባለሁ። የእንግዳው ልክ ሁለት ነው፤ ሁለት ደግሞ የየትኛውም ክፍልፋይ ካሬ አይደለም። በዚህ ጠባዩ ምክንያት የሚወጣው ባለ ስምንት ክፍል ቤት ማካፈልን አይከለክልም። የሚጠፋው አንድ ነገር ነው፤ ሦስት አባላት ሲባዙ መጀመሪያ ማንና ማን እንደተገናኙ ውጤቱን ይለውጠዋል። ቅንፍ የምንላት ግማሽ ክብ እዚያ ቤት ውስጥ ቀልድ አታውቅም።

በስምንት ብረካ ጥሩ ነበር። አልረካሁም። ስምንቱን ደግሞ አጥፌ ባለ አሥራ ስድስት አወጣሁ። የደብተሩ የመጨረሻ አሥራ አራት ገጾች ይህን ያረጋግጣሉ፤ ያረጋግጣሉ ብዬም ሃያ ዓመት ተኝቻለሁ።

ባለፈው ዓመት የድሮ ተማሪዬ ሰዓዳ አዳማ ድረስ መጥታ ደብተሩን ተዋሰችኝ። አሁን መካነ ሰላም ሁለተኛ ደረጃ ታስተምራለች፤ ከማስተማሩ ጎን የሦስተኛ ዲግሪ ጽሑፏን ትጽፋለች። ከሰጠኋት በኋላ ዓመት ሙሉ ዝም አለች። ከዚያ አንድ ቀን ደወለች።

«ቲቸር፣ አንዴ ቢመጡልኝ።»

«ምን ተገኘ?»

«በስልክ የሚሆን አይደለም። ይምጡ ብቻ።»

«ጽሑፍሽን መቼ ነው የምታስገቢው?»

«ወር ቀረኝ» አለችና ስለ ጤናዬ ጠየቀች።

ተጠራጣሪን ሰው «ይምጡ ብቻ» አይሉትም። ሥራዬን በስሟ ልታስገባ እንደሆነ፣ የምትጠራኝም አፌን በምግብ ልትዘጋ እንደሆነ በአንድ ሌሊት ደመደምኩ። ደብተሬን ላስመልስ ተነሳሁ። ከመስጠቴ በፊት ደብቄ ያስነሳሁትን ኮፒ ግን ቤት ልተወው አልደፈርኩም፤ የልጅ ልጆቼ ወረቀት ሲያገኙ አውሮፕላን ነው የሚሠሩት። ለዚህ ነው ሆዴ ላይ ያሰርኩት።

ረቡዕ

ማክሰኞ አዲስ አበባ አድሬ በማለዳ በዓለም ከተማ በሚያልፍ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ለሦስት በተሠራ ወንበር አራት ሆነን ተቀመጥን፤ መካከል የገባሁት እኔ ነኝ። ግራዬ የማሽላ ከረጢት ያቀፈ ገበሬ፣ ቀኜ በስልኳ የምትስቅ ተማሪ። እንግዳ አባል በመካከል ሲቀመጥ ግራና ቀኙን እንዴት እንደሚለውጥ ሰባ ሁለት ገጽ ጽፌ ነበር፤ እንግዳው ራሱ ምን እንደሚሆን ግን አልጻፍኩም። እግሩ ይደነዝዛል።

አዳማ መንገዱ ለጥ ያለ ነው፤ ከተማው ሲያልቅ ሜዳ ነው፣ ሜዳው ሲያልቅም ሜዳ ነው። እዚህ ግን ሹፌሩ እየዘፈነ ወደ ገደል ይወርዳል። ወደ ቆላው ስንወርድ ሙቀቱ ገባ፣ እኔ ደግሞ አራት ድርብ ለብሻለሁ። ላቤ በጀርባዬ ሲንቆረቆር የማስበው ስለ ቀለሙ ነበር፤ ላስቲኩ ቀዳዳ እንዳይኖረው። ተማሪዋ «አባባ፣ ኮቱን ልያዝልዎት?» አለችኝ። ኮቴን ምን ልታደርግበት ነው ብዬ ጠረጠርኩና «በርዶኛል» አልኳት። እሷ መሀረቧን እያራገበች አየችኝና መስኮቱን ዘጋችልኝ።

ወንዙን ተሻግረን ዳገቱን ወጥተን ስናበቃ ፍተሻ ነበረ። ሁሉም ወረደ። ፈታሹ ወጣት ነው፤ እጁ ከብብቴ ወርዶ ሆዴ ላይ ሲደርስ ቆመ። ደረቅ ነገር ነካ።

«አባት፣ ምንድን ነው ይኸ?»

እውነቱን መናገር ይቻል ነበር። ግን በዓይነ ሕሊናዬ ሰባ ሁለት ገጽ ቀስትና ቅንፍ፣ ሰው የማያነበው ምልክት፣ ከሽማግሌ ሆድ ላይ ሲፈታ ታየኝ። የዚያን ስሌት ምንነት መንገድ ዳር ቆሜ ሳስረዳም ታየኝ።

«ቀዶ ጥገና ነው ልጄ» አልኩ።

ትኩስ ብረት እንደነካ እጁን አነሳው። «ይቅርታ አባት። ይማርዎት።»

ተሳፋሪው በሙሉ ሰማ። ረዳቱ ከፊት የተቀመጠውን ጎረምሳ አስነስቶ እኔን አስገባኝ። ገበሬው ከረጢቱን ከጀርባዬ አስደገፈልኝ። ከዚያ ወዲያ በየጉብታው ሹፌሩ «አይዞዎት አባ!» እያለ ፍሬን ይይዛል። በሕይወቴ እንደዚያ ተመችቶኝ ተጉዤ አላውቅም፤ እንደዚያም አፍሬ አላውቅም።

ደጎሎ ያደርኩት እትዬ በለጡ የሚባሉ ሴት አልጋ ቤት ነው። በሩ ፊት ለፊት ገብስና ስንዴ የጫኑ መኪኖች ተሰልፈዋል፤ ብርዱ ደግሞ የአዳማን ሰው ይሰድባል። እትዬ በለጡ ገና ሳይቀበሉኝ ነገሩን ከረዳቱ ሰምተዋል።

«ሆድዎትን ነው አሉ የተቀደዱት?»

«ትንሽ ነው።»

«የሆድ ትንሽ አለው እንዴ? አብሽር! እኔ ነኝ የማበላዎት» አሉና ቲማቲም ለብለብና ትኩስ ዳቦ የያዘውን ሳህን ከፊቴ አንስተው ለሌላ እንግዳ ሰጡብኝ። ለእኔ አጥሚት መጣ። እንደ አራስ ቁጭ ብዬ ጠጣሁ።

ክፍሌ ገብቼ ቁልፉን ሞከርኩት። ይቆልፋል፤ ግን ሌላ ቁልፍ ማን እጅ እንዳለ በምን አውቃለሁ? ወንበሩን በሩ ላይ አስደገፍኩና ተኛሁ። ጠዋት ወንበሩ እንዳለ ነው። እትዬ በለጡ ደግሞ ደጃፌ ላይ ቆመዋል፤ በፔርሙዝ ሙሉ አጥሚት ይዘው።

«ለመንገድ። ፔርሙዙን ሲመለሱ ያመጡልኛል።»

«በዚህ ባልመለስስ?»

ገርሟቸው አዩኝ። «ምነው፣ ሰው ሲሄድ አይመለስም እንዴ?»

ሐሙስ

በዚያው ሚኒባስ ከደጎሎ በከላላና በወግዲ አድርገን መካነ ሰላም ለመድረስ ቀኑ በቃን፤ ያውም ጎማ ባይፈነዳ በጊዜ በደረስን። ወግዲ ሳንደርስ ፈነዳ። አዳማ ጎማ ሲፈነዳ ሰው ይሰበሰባል፣ ምክር ይሰጣል፣ ይበተናል። እዚህ የገብስ ማሳቸውን ትተው ሁለት ሰዎች መጡ፤ አንዱ ድንጋይ ከጎማው ሥር አስገባ፣ ሌላው ለእኔ በርጩማ ይዞ መጣ። ሹፌሩ «ቀዶ ጥገና ናቸው» ብሎ አስተዋውቆኛል። የተቆላ ገብስ ለሁሉም ታደለ። እኔ ጋ ሲደርስ ሰውየው እጁን መለሰ።

«ለእርስዎስ ይከብዳል።»

ቆሎ የምወደው ከምንም በላይ ነው። የሌላው መንጋጋ ሲሠራ እየሰማሁ ከፔርሙዝ ክዳን ላይ አጥሚቴን ጠጣሁ።

መካነ ሰላም የገባነው አስር ሰዓት አካባቢ ነው። ሰዓዳና አባቷ ሐጅ ሙሔ መናኸሪያው በር ላይ ይጠብቁኛል። ሐጅ ሙሔ ረጅም፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ሲያወሩ የሚጨብጡትን እጅ የማይለቁ ሰው ናቸው።

«መርሀባ! መርሀባ! ልጄን ሰው ያደረጉልኝ እርስዎ ነዎት?»

«ሰው ሆና ነው የመጣችልኝ» አልኩ። ዓይኔ ግን ሰዓዳ ላይ ነበር። ከስታለች። ደብተሬን ስጠይቃት «ቤት ነው ቲቸር፣ ደህና ነው፣ ነገ እናየዋለን» አለች። ለምን ነገ?

ወሎ ውስጥ እንግዳው ክርስቲያን ሲሆን ሙስሊሙ ቤተሰብ ምን እንደሚያደርግ ለማታውቁ ልንገራችሁ። ሐጅ ሙሔ ሙክት ገዝተው ከአጥር ማዶ ላለው ክርስቲያን ጎረቤታቸው ለአቶ አበጋዝ ሰጥተዋል፤ እሱ አርዶ፣ ሚስቱ በራሳቸው ድስት ሠርታ፣ አቶ አበጋዝ ትሪውን ተሸክሞ በጓሮ በር ገባ። ጥብሱ እየጮኸ ነው። እኔም እጄን ታጥቤአለሁ።

በዚህ መካከል ሹፌሩ የረሳሁትን ፔርሙዝ ይዞ መጣ። «የቀዶ ጥገናው አባት ጥለውት ሄደው ነው» አለ።

ሐጅ ሙሔ ከተቀመጡበት ተነሱ። «የምን ቀዶ ጥገና?»

ሹፌሩ ነገራቸው። ከደጎሎ እስከዚያ ቁስሉ አድጓል፤ ስፌቱም ገና አልተፈታም ነበር።

«ያ ረቢ! ይኸን ይዘው ነው በዚያ መንገድ የመጡት? አበጋዝ! አንሳው፣ አንሳው!»

«ጥቂት ብቀምስ አይጎዳኝም» አልኩ።

«ወላሂ አይሆንም! በእኔ ቤት አይሞቱም!»

አቶ አበጋዝ ትሪውን ይዞ በገባበት በር ወጣ። ከአጥሩ ማዶ ሲበሉ ይሰማል። ሐጅ ሙሔ በእጃቸው በሶ ያሹልኝ ጀመር፤ እያሹም ያስተምሩኛል። «ዱቄቱን አስቀድሞ ከውሃው ጋር ነው። ሲጠጣለት ቅቤው ይከተላል። ውሃውንና ቅቤውን ቀድመው ቢያገናኟቸው አይዋሃዱም፤ ዱቄቱ ቢገባም ይጓጉላል። ያው ሦስት ነገር ነው፣ ግን ማን ከማን ጋር እንደጀመረ ነው ጉዳዩ።» እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስለዚሁ ስጽፍ የኖርኩ ሰው፣ ይኸ ሽማግሌ ለምን በሶ ያስተምረኛል እያልኩ የጥብሱን ሽታ አሸት ነበር።

አርብ

ጠዋት ሰዓዳ ደብተሬን ጠረጴዛ ላይ አኖረች። እንደሰጠኋት ነው፤ ጠርዙ እንኳ አልታጠፈም። ገጽ ስልሳ አንድን ከፈተች። የባለ አሥራ ስድስቱ ማረጋገጫ ሦስተኛ ገጽ ነው።

«ቲቸር፣ እዚህ ጋ ሀን በለ አባዝተው፣ ውጤቱን በሀ ተገላቢጦሽ ሲያባዙት ለ ይመለሳል ብለዋል።»

«ይመለሳላ። ያባዛሁበትን መልሼ ሳካፍልበት ምን ሊመጣ ነው?»

አልተከራከረችኝም። በትንሽ ወረቀት ላይ ሁለት አባላት ጻፈች፤ ሀ ስምንት ቁጥር፣ ለ ስምንት ቁጥር። «እነዚህን በእጅዎ ይሥሩልኝ። ለ ከተመለሰ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አለችና ልታስተምር ሄደች።

አንዱ ማባዛት ስምንት በስምንት ነው፤ ስልሳ አራት ትንንሽ ብዜት። ከዚያ ተገላቢጦሹን ፈልጎ እንደገና ስልሳ አራት። መነጽሬን አጥልቄ ገባሁበት። እስከ አራት ሰዓት አንዴ ጨረስኩ። ስድስቱ ክፍል ለን መስሏል፤ ሁለቱ አልመሰሉም። የመደመር ስህተት ነው አልኩ። ደግሜ ሠራሁ። ያው ሁለቱ ክፍሎች ያንኑ የማይመስል ቁጥር ሰጡ። ቁጥሮቹን ሆን ብላ መርጣ ይሆናል ብዬ የራሴን መረጥኩና ሠራሁ። በዚህኛው አምስቱ ክፍሎች ተበላሹ። የሷ ደግ ነበር ማለት ነው።

ባዶ ወረቀት ስፈልግ መጻሕፍቷ መካከል የታተመ ጥራዝ አየሁ። ሽፋኑ ላይ የጽሑፉ ርዕስ አለ፣ ካለው ቤት አዲስ ቤት ስለ ማውጣት። ከሥሩ አንድ ስም። የሷ። ልገልጠው ስል የሐጅ ሙሔ ድምፅ ከደጅ ተሰማ፤ ከጁምዓ ተመልሰዋል። እንደ ሌባ ወደ ቦታው መለስኩና ብዕሬን ያዝኩ።

«አልደከሙም?» አሉ ገብተው።

«ኧረ፣ ደህና ነኝ።»

«ፊትዎ ግን ጠቁሯል። ቁስሉ ነው፣ ቁስሉ ነው። ዱዓ አድርጌልዎታለሁ።»

ለወረቀት ጥቅል ጁምዓ ላይ ዱዓ የተደረገለት ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ጾም ስለሆነ ያን ቀን አጥሚቱም ያለ ቅቤ ነበር።

ቅዳሜ

በጠዋቱ ሦስታችን ተቀምጠን ነገሩን አነሳሁት።

«ቅንፉን አዛውሬዋለሁ» አልኩ። «ገጽ ስልሳ አንድ ላይ። ቅንፍ በማይዛወርበት ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ በልማድ እጄ አዛወረችው። ከዚያ በኋላ ያለው አሥራ አንድ ገጽ እዚያ ላይ ነው የቆመው።»

ሰዓዳ አንገቷን ደፋች። «ሁለተኛ ዓመት እያለሁ ቅንፍ ረስቼ ዜሮ ሰጥተውኛል ቲቸር። ወረቀቱ እስካሁን አለኝ።»

«አሁን ልትመልሽልኝ ነው?»

«እግዜር ያሳይዎት! ባለ ስምንቱ እኮ ትክክል ነው። አንድ ስህተት አላገኘሁበትም። የወደቀው አሥራ ስድስቱ ነው።»

እዚህ ጋ ዝም ብል ኖሮ ክብሬ በተረፈ። አላልኩም። «የቆመውን ለራስሽ፣ የወደቀውን ለእኔ» አልኩ። «ስህተቱን መቼ ነው ያገኘሽው?»

«ባለፈው ኅዳር።»

«ዓመት ሊሞላው ነው! ዓመት ሙሉ ዝም ብለሽ፣ ሊገባ ወር ሲቀረው ትጠሪኛለሽ። ሽፋኑን አይቻለሁ ሰዓዳ።»

«ሽፋኑን ብቻ?»

«ብቻ።»

ተነስታ ጥራዙን አመጣች። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ከፈተችው። ባለ ስምንቱ ቤት እዚያ አለ፤ ከርዕሱ ሥር የእኔ ስም፣ ከስሜ ሥር «ከመምህሬ ያልታተመ ደብተር» ይላል። ሦስተኛው ምዕራፍ አጭር ነው። አሥራ ስድስቱ ማካፈልን ይከልክል አይከልክል እንዳልታወቀ ይናገራል፤ የቅንፉን ስህተት በግልጽ ያስቀምጣል፤ ከሥሩ ሁለት ስም አለ፣ የእኔና የሷ።

«ስህተቱ የእኔ ነው። አንቺ ምን አግብቶሽ?»

ሦስት ደብተር ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ገለጥኩ። እንግዳውን አባል በግራ አስቀምጣ ሞክራለች፤ ተሰርዟል። በመካከል፤ ተሰርዟል። በቀኝ፤ ተሰርዟል። ልኩ ሦስት የሆነ፣ አምስት የሆነ እንግዳ አስገብታለች። ሁሉም ላይ ሰረዝ አለ።

«ልጠግነው ነበር» አለች። «ጠግኜ ይኸው ብዬ ልልክልዎት። እንዲህ ሆነብኝ ብዬ በስልክ ልነግርዎት አቃተኝ። እርስዎ ይኸን ዓመት በስህተቱ ውስጥ አልኖሩም፤ እኔ ግን ኖሬበታለሁ። ለዚህ ነው ስሜን የጻፍኩት። ካልወደዱት ምዕራፉን አወጣዋለሁ፤ የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። ለዚህ ነው የጠራሁዎት።»

ተነሳሁና ኮቴን አወለቅኩ፣ ሹራቤን አወለቅኩ፣ ሸሚዜን ከሱሪዬ አወጣሁ። ሐጅ ሙሔ «ምነው? አመመዎት?» ብለው ሊደግፉኝ መጡ። ነጠላውን ፈታሁ። ላስቲኩን ፈታሁ። ሰባ ሁለቱ ገጽ ጠረጴዛው ላይ አረፈ፤ የሆዴን ቅርጽ ይዞ ጎብጧል።

ሐጅ ሙሔ ሆዴን አዩ፣ ወረቀቱን አዩ። «ቁስሉ የታለ?»

«የለም።»

«ቀዶ ጥገናውስ?»

«የለም ሐጅ። ልጅዎ እንዳትሰርቀኝ ነው።»

ሰዓዳ ወረቀቱን ብቻ ነበር የምታየው። እጇን ሰድዳ ገጾቹን ቆጠረች፣ ስልሳ አንደኛውን አወጣች። ኮፒው ላይ ስህተቱ ጥርት ብሎ ወጥቷል። በዚያ ሁሉ ገደል፣ በዚያ ሁሉ ላብ፣ አንዲት የተዛወረች ቅንፍ በነጠላ አስሬ ስጠብቅ ነበር።

«ከእኔ ነው የደበቁት?» አለች ቀስ ብላ።

«ካንቺ።»

ሐጅ ሙሔ መሳቅ ጀመሩ። መጀመሪያ ትከሻቸው፣ ከዚያ ሁለመናቸው። «አበጋዝ!» ብለው በአጥሩ ተጣሩ፤ «አበጋዝ! ድነዋል! የቀረ ነገር ካለ አምጣ!» የቀረው የጎን አጥንት ነበር። ሰዓዳ የሳቀችው እኔ ሦስተኛውን ስግጥ ነው።

ከበላሁ በኋላ ብዕር አምጥታ ሰጠችኝ። ደብተሩም ላይ፣ ኮፒውም ላይ ቅንፏን ወደ ቦታዋ መለስኩና ፈረምኩ። ሦስተኛው ምዕራፍ እንዳለ ይግባ አልኳት፤ ሁለቱም ስም እንዳለ።

እሑድና ሰኞ

እሑድ ጠዋት ስለያቸው ሰዓዳ ደብተሬን ዘረጋችልኝ። «ለምን መጡ? ለዚህ አይደል?» አለች። እሷ ጋ ይቀመጥ አልኳት፤ ኮፒውም ጭምር። በምትኩ ሦስቱን የሰረዝ ደብተሮች ለመንኳት፤ ምናልባት አሮጌ ዓይን የሚያየው ነገር ይኖር ይሆናል። ወዲያው በፌስታል አድርጋ ሰጠችኝ።

መኪናው ሊነሳ ሲል ትዝ አለኝ። «ኮፒ አስቀርተሻል?»

«የምን?»

«የደብተሮቹ።»

«ለምን?» አለች። ጥያቄው ከልቧ ነበር።

እሑድ ደጎሎ አደርኩ። ፔርሙዙን ለእትዬ በለጡ መለስኩ፤ ለብለቡንም ሁለት ሳህን በላሁ። በሩ ላይ ወንበር አላስደገፍኩም። ትንሽ ግን አሰብኩ፣ አልዋሽም።

ሰኞ ፍተሻው ላይ ያው ወጣት ነው። አወቀኝ። «አባት! ቁስሉ እንዴት ሆነ?» እጁን በጥንቃቄ ሆዴ ላይ አሳረፈ። ለስላሳ ነው። በአጥንትና በለብለብ ያበጠ፣ የራሴ ሆድ።

«ፋሻው ተፈታ» አልኩት።

«እሰይ! ይኸስ?» አለ ፌስታሉን አይቶ።

«ሒሳብ ነው።»

አንዱን ደብተር አውጥቶ ገለጠ። ገጽ በገጽ አገላብጦ ተገረመ። «ሁሉም ተሰርዟል እኮ።»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን ይሸከሙታል?»

ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ይቸኩል ነበር። «የሰው አደራ ነው» አልኩት፤ «ሌላ ኮፒ የለውም።»

ደብተሩን እንደ እንቁላል አድርጎ መለሰልኝ። ሚኒባሱ ውስጥ አራት ሆነን ተቀመጥን፤ መካከል የገባሁት ያው እኔ ነኝ። አጠገቤ ያለችው ሴት «እቃዎን ከላይ ላድርግልዎት?» አለችኝ።

«ጉልበቴ ላይ ይሁን» አልኳት። ኮቴን ግን ያዘችልኝ።